ከጅማ ሆኖ ዘፈንን ኢንተርኔት ላይ እንዴት ማስተዋወቅ ይቻላል?

ጅማ ውስጥ ዘፈን ሠርቶ መጨረስ እንደ ድሮው ከባድ አይደለም። ላፕቶፕ፣ ደህና ማይክ እና ሥራውን የሚያውቅ አቀናባሪ ካለ ዘፈኑ ይወጣል። ጣጣው የሚመጣው ከወጣ በኋላ ነው። ሊንኩ ፌስቡክ ላይ ይለጠፋል፤ ጓደኛ “ምርጥ ሥራ ነው ወንድሜ!” ይላል፤ በሳምንቱ ጭጭ።

ማስተዋወቅ ሲባል ብዙዎቻችን ሊንክ መበተን ይመስለናል። ለማናውቀው ሰው ኢንቦክስ ገብቶ “ሰብስክራይብ አድርገኝ” ማለት ግን ልመና ነው፤ ሰው ይሸሻል። ከዚያ ይልቅ አንድ ጥያቄ ያዙ። ከመርካቶ ወደ ፈረንጅ አራዳ በምትሄድ ባጃጅ ውስጥ ዘፈናችሁን የሰማች ልጅ ማታ ቤቷ ገብታ ልትፈልገው ብትል ታገኘዋለች? ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ይቺን ልጅ ታሳቢ ያደረገ ነው።

1. ዘፈኑ የማን እንደሆነ በወረቀት አስቀምጡ

ከማንኛውም ፖስት በፊት ይሄ ይቅደም። ግጥሙ የማን ነው? ዜማውስ? አቀናባሪው ብሩን ተቀብሎ ጨርሷል ወይስ ከገቢው ድርሻ አለው? በጓደኝነት የተሠራ ዘፈን ሰው ሲወደው ጓደኝነቱን ይዞት ሊሄድ ይችላል። አንድ ገጽ ይበቃል። ስም፣ የሥራ ድርሻ፣ የተከፈለ ገንዘብ፣ ወደፊት ገቢ ቢመጣ ክፍፍሉ፣ ፊርማ፣ ምስክር። በዚህ ጉዳይ ሕግም አለን፤ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው፣ በኋላም በአዋጅ 872/2007 ተሻሽሏል።

ከዩቲዩብ “ነፃ ቢት” አውርዳችሁ የዘፈናችሁም ተጠንቀቁ። ብዙ ጊዜ “ነፃ” ማለት ገንዘብ ካልሠራችሁበት ማለት ነው። ባለቤቱ ሥራውን ኮንቴንት አይዲ በሚባለው፣ የተመዘገበ ሥራ በሌላ ሰው ቪዲዮ ውስጥ ሲገኝ በሚለየው የዩቲዩብ ሥርዓት ካስመዘገበው ቪዲዮአችሁ ሊያዝ ወይም ገቢው ወደ እሱ ሊሄድ ይችላል። ያንኑ ቢት ሌላ ሦስት ዘፋኝ ዘፍኖበት ልታገኙትም ትችላላችሁ።

2. ስማችሁን አንድ አድርጉ

ይሄን ሰው ይንቀዋል፤ እኔ ግን ከክሊፑ በላይ አስበልጠዋለሁ። የመድረክ ስማችሁ ፀሐይ ነው እንበል። አንዱ ፀሐይ ብሎ ይፈልጋል፣ ሌላው ጸሀይ፣ ሌላው ፀሃይ። በላቲን ፊደል የሚጽፈው ደግሞ እንደየስሜቱ ነው። በአፋን ኦሮሞ የምትዘፍኑም ከዚህ አታመልጡም። በቁቤ አናባቢው ሲደረብ ብዙ ሰው ሲፈልግ አንዱን ብቻ ይጽፋል።

ስለዚህ አንድ በግዕዝ፣ አንድ በላቲን አጻጻፍ ምረጡና ዩቲዩብ፣ ቲክቶክ፣ ቴሌግራም፣ ኢንስታግራም ላይ ሁሉ ያንኑ ተጠቀሙ። ከመምረጣችሁ በፊት ዩቲዩብና ስፖቲፋይ ላይ ፈልጉት። በዚያው ስም ሌላ ዘፋኝ ካለ ዘፈናችሁ የእሱ ገጽ ላይ ሊገባ ይችላል፤ የአባት ስም ወይም ሌላ ነገር ጨምሩበት። ሌሎቹን የአጻጻፍ ዓይነቶች ከቪዲዮው ሥር ባለው ዲስክሪፕሽን ውስጥ አስገቧቸው።

ግጥሙንም ሙሉውን እዚያው ጻፉት። ባጃጅ ውስጥ የሰማችው ልጅ ስማችሁን አታውቅም፤ የምታስታውሰው አንድ ስንኝ ነው፤ የምትፈልገውም እሱኑ ጽፋ ነው። በሞባይሏ በላቲን የምትጽፍ ከሆነች ቢያንስ አዝማቹ በላቲንም ይኑር። ርዕሱ ላይ የእናንተ ስምና የዘፈኑ ስም ይቅደሙ። “አዲስ የኢትዮጵያ ሙዚቃ” የሚለው ከኋላ ይምጣ፤ ስልክ ላይ ረጅም ርዕስ መጨረሻው ይቆረጣል።

አሁን ወደ ፋይሉ። ጅማ ውስጥ ዘፈን ከእጅ ወደ እጅ የሚሄደው በአብዛኛው በቴሌግራም ነው። ከስቱዲዮ የወጣው ፋይል ስሙ “ፋይናል 3 አዲሱ” ከሆነ ሰው ለሰው ሲያስተላልፈው በዚያው ስም ይዞራል፣ ማን እንደዘፈነው ሳይታወቅ ይቀራል። ከመላካችሁ በፊት ኮምፒውተር ላይ ፋይሉን ራይት ክሊክ አድርጉ፣ ፕሮፐርቲስ ውስጥ ዲቴይልስ የሚለውን ክፈቱ፣ የዘፈኑን ርዕስና የዘፋኙን ስም ሙሉና አስቀምጡት። ስልክ ላይም ይህን የሚሠሩ ነፃ መተግበሪያዎች አሉ። ከዚያ በኋላ ቴሌግራም ላይ ሲጫወት ስማችሁ ከላይ ይነበባል። ምንም ብር አያስወጣም።

3. ቤታችሁን ምረጡ

ሁሉም ቦታ ለመሆን አትሞክሩ፤ አንድ ሰው አይችለውም። ለጀማሪ ሦስት ይበቃሉ። ዩቲዩብ ዘፈኑ የሚቀመጥበት ነው፤ ቲክቶክ አዲስ ሰው የሚያገኛችሁ፤ የቴሌግራም ቻናል ደግሞ የወደዳችሁን ሰው ሰብስባችሁ የምትይዙበት። ሁሉም ቦታ ላይ ያለው ሊንክ ወደ አንዱ ይምራ፣ ለምሳሌ ወደ ዩቲዩቡ።

ስፖቲፋይ፣ አፕል ሙዚቃና የመሳሰሉት ላይ ለመግባት በዲጂታል አከፋፋይ በኩል ማለፍ ግድ ነው። ዲስትሮኪድ፣ ቲዩንኮር፣ ሲዲ ቤቢ የታወቁት ናቸው። 3000 በ3000 ፒክስል የሆነ ባለ አራት ማዕዘን የሽፋን ምስልና ጥራት ያለው የዋቭ ፋይል አዘጋጁ። እንዲህ የተሰራጨ ዘፈን ብዙውን ጊዜ ሻዛም ላይም ይገባል፤ ካፌ ውስጥ የሰማችሁ ሰው ስልኩን አውጥቶ ሊለያችሁ ይችላል ማለት ነው። የአገር ቤት የሙዚቃ መተግበሪያዎችም አሉ፣ ሰዋሰውን የመሰሉ፤ በብር የሚከፍል አድማጭ ያለው እዚያ ነው።

አከፋፋዮቹ ክፍያቸው በዶላር ነው። ብዙ ሰው ውጭ ያለ ዘመድ ይጠይቃል፤ አክስት ወይም የአጎት ልጅ በካርዷ ትከፍልለታለች። ጥሩ ነው፤ ኢሜይሉና የይለፍ ቃሉ ግን የእናንተ ይሁን። እሷ በራሷ ኢሜይል ከከፈተችው በሁለት ዓመት ስልክ ስትቀይር ዘፈኑ ከእጃችሁ ይወጣል።

4. የራስ ቻናል ወይስ ትልቅ ቻናል?

ዘፋኝ ሁሉ እዚህ ጋ ይጨነቃል። ትልቅ ቻናል ላይ ቢወጣ ብዙ ሰው ያየዋል፤ እውነት ነው። ግን ዘፈኑን የወደደ ሰው ሰብስክራይብ የሚያደርገው ቻናሉን ነው። ሁለተኛ ዘፈን ስታወጡ ያ ሰው አይነገረውም፤ እንደገና ከዜሮ ትጀምራላችሁ፣ እንደገናም ደጅ ትጠናላችሁ።

የእኔ አስተያየት እንዲህ ነው። የመጀመሪያ ሥራዎቻችሁን በራሳችሁ ቻናል አውጡ፣ እይታው ቢያንስም። ትልቅ ቻናል እምቢ የማይባል ዕድል ይዞ ከመጣ ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ። ለስንት ዓመት ነው? ኮንቴንት አይዲውን የሚያስመዘግበው ማን ነው? የእኔ ቻናል ሊንክ ዲስክሪፕሽኑ ላይ ይገባል? ገቢው እንዴት ይከፈላል? “እሱን በኋላ እንነጋገራለን” የሚል መልስ ከመጣ፣ መልሱ እሱ ራሱ ነው።

5. ቀኑን ቀድማችሁ ያዙ

ዘፈኑ ባለቀ ማግስት አይለቀቅም። ቢያንስ ሦስትና አራት ሳምንት ስጡት። ስፖቲፋይ ላይ ለአርቲስቶች በተዘጋጀው ገጽ ዘፈኑን ከመውጫው ቀን ቢያንስ 7 ቀን ቀድማችሁ ካስተዋወቃችሁት የሚከተሏችሁ ሰዎች አዲስ ዘፈን ዝርዝር ውስጥ ይገባል። በመጨረሻው ሰዓት ከጫናችሁት ይሄ ያመልጣችኋል።

የጅማን ዓመትም ተመልከቱ። ጅማ የሁለት እምነት በዓላት ከተማ ናት። በረመዳን ወይም በዐቢይ ጾም የጭፈራ ዘፈን መልቀቅ ራስን መጉዳት ነው፤ ዒድ ወይም ፋሲካ ሲደርስ ግን ሰው ዘፈን ይፈልጋል። የሠርግ ዘፈን ከሆነ ኅዳር ላይ ይውጣ፤ ጥር ሲገባ ዲጄዎች ለምደውት ይቆያሉ። ቡናው የሚለቀመውም በዚያው ሰሞን ስለሆነ የገጠሩም ሰው እጁ ላይ ብር አለ።

ሰዓቱስ? ጅማ ከምሽቱ 3 ሰዓት ሲሆን ዋሽንግተን ከቀትር በኋላ ነው፤ ሳዑዲ ያለችው እህታችሁ ደግሞ ሰዓቷ ከእኛ ጋር እኩል ነው። እዚህ ሥራ ያለቀበት፣ እዚያም ሰው ያልተኛበት ሰዓት ስለሆነ አመቺ ነው። ቪዲዮውን ግን በዚያ ሰዓት መጫን አትጀምሩ። መብራት ይጠፋል፤ ኔትወርኩም ምሽት ላይ ይጨናነቃል። ከአንድ ቀን በፊት በሌሊት ጥቅል ጫኑትና ዩቲዩብ ላይ የሚወጣበትን ሰዓት ቆርጣችሁ አስቀምጡ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት የተጫነው ቪዲዮ እስከ ምሽት ድረስ በሙሉ ጥራት ተዘጋጅቶ ይቆያል።

6. አጫጭር ቪዲዮዎቹ

አዲስ አድማጭ የሚመጣው በብዛት ከዚህ ነው። ከዘፈኑ ውስጥ ከ15 እስከ 20 ሰከንድ የምትሆን ቦታ ምረጡ። ብዙ ሰው መግቢያውን ይመርጣል፤ ኪቦርዱ እስኪያልቅ ግን ተመልካቹ አልፎ ሄዷል። ሰው ለጓደኛው ሊልካት የሚችል ስንኝ ያለባትን ቦታ ፈልጉ፣ አዝማቹ ላይም ላትሆን ትችላለች። ለመምረጥ ቀላሉ መንገድ ዘፈኑን ላልሰማ ሰው አሰምቶ በማግስቱ “ምኑ ትዝ አለህ?” ብሎ መጠየቅ ነው።

ከዚያ በዚያችው ቦታ አምስት ስድስት የተለያየ ቪዲዮ ሥሩ። አንዱ ስቱዲዮ ውስጥ፣ አንዱ በክራር ብቻ፣ አንዱ የግጥሙን ታሪክ እየነገራችሁ። ስልኩን አቁሙት፤ ትራይፖድ ከሌለ የጅማ በርጩማ ላይ መጽሐፍ ደርባችሁ አስደግፉት፣ ከየትኛውም የቻይና ማቆሚያ በላይ ይጸናል። ዝናብ ካባራ በኋላ ያለው ብርሃን ለስልክ ካሜራ ግሩም ነው፤ እሱ ደግሞ ከተማችን ውስጥ ሞልቷል። ጅሬን ወጥታችሁ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ውስጥ ለመቅረጽ ካሰባችሁ ግን ቀድማችሁ ፈቃድ ጠይቁ፤ ቦታው ቅርስ ነው።

ቲክቶክ ላይ ስትለጥፉ የድምፁን ስም በዘፈኑና በእናንተ ስም ቀይሩት፤ አለበለዚያ “ኦሪጅናል ሳውንድ” ተብሎ ይቀራል። ሌላ ሰው በዘፈናችሁ ቪዲዮ ሲሠራ ኮሜንት ጻፉለት፣ በራሳችሁ ገጽም አጋሩት። ቢያበላሸውም አትቆጡ፤ ያስተዋወቃችሁ በነፃ ነው።

7. ከተማዋን ተጠቀሙ

ኢንተርኔት ላይ ማስተዋወቅ ማለት ስልክ ላይ መዋል ብቻ አይደለም። የቻናላችሁን ኪውአር ኮድ ትንሽ ስቲከር ላይ አሳትሙ። ለምታውቋቸው የባጃጅ ሾፌሮች ፋይሉን ስጧቸው፣ ስቲከሩን ከተሳፋሪው ፊት ለፊት ለጥፉ፤ ያቺ ልጅ እዚያው ስካን አድርጋ ትወርዳለች። ለካፌ ባለቤቶች፣ ለዲጄዎች፣ ለዩኒቨርሲቲው ማኅበረሰብ ሬዲዮ ፋይሉን ከአጭር መግለጫ ጋር ስጡ፤ ማን እንደሆናችሁ በሦስት መስመር፣ ዘፈኑ ስለምን እንደሆነ በሁለት። የጥሪ ማሳመሪያም አትርሱ፤ ስማርት ስልክ የሌለው ሰው ጋ የሚያደርስ መንገድ እሱ ነው።

8. ቁጥሩን አንብቡ፣ አትግዙ

እይታ የሚሸጡ ሰዎች በየግሩፑ አሉ። አትግዙ። የተገዛው እይታ አያዳምጥም፣ ዩቲዩብም ቪዲዮው በሦስተኛው ሰከንድ የሚዘጋ መሆኑን ሲያይ ለእውነተኛ ሰው ማቅረብ ይተዋል። ዩቲዩብ ስቱዲዮ ውስጥ ሁለት ነገር ተመልከቱ። አንደኛ፣ ሰው የትኛው ሰከንድ ላይ ይወጣል? በ20ኛው ሰከንድ ግማሹ ከወጣ መግቢያው ረዝሟል፤ የሚቀጥለውን አሳጥሩ። ሁለተኛ፣ ከየት ሀገር ነው የሚያዩት? ሳዑዲና ኤምሬትስ ከበዙ፣ ቀጣዩን ቪዲዮ ስትለቁ ሰላምታችሁ ለእነሱም ይድረስ።

9. ገንዘቡ

ቶሎ አይመጣም። ዩቲዩብ ከማስታወቂያ ገቢ ለማካፈል 1,000 ሰብስክራይበርና ባለፉት 12 ወራት 4,000 የእይታ ሰዓት፣ ወይም በ90 ቀን ውስጥ 10 ሚሊዮን የሾርት (የዩቲዩብ አጭር ቪዲዮ) እይታ ይጠይቃል። ፕሮግራሙ የሚሠራባቸው ሀገሮች ዝርዝርም ስላለ ዩቲዩብ የእገዛ ገጽ ላይ ቀድማችሁ ተመልከቱት። ስፖቲፋይ ከ2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በ12 ወር ውስጥ 1,000 ጊዜ ላልተሰማ ዘፈን አይከፍልም።

ለአብዛኛው የጅማ ዘፋኝ ቶሎ የሚገባው ብር የሠርግና የመድረክ ነው፤ ኢንተርኔቱ ደንበኛ ያመጣል። ስለዚህ ለሥራ ብቻ የሚሆን ሌላ ሲም ያዙ፣ ቴሌብር ክፈቱበት፤ ቀብድ ሳትቀበሉ ቀን አትያዙ። ቁጥሩን በየዲስክሪፕሽኑ የመጀመሪያ ሁለት መስመር ውስጥ አስገቡት። ከዚያ በታች ያለውን “ተጨማሪ” የሚለውን ተጭኖ የሚያነብ ጥቂት ነው።