የሕፃናት ጥበቃ በጀት ሲያዝ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን በአንቀጽ 34 መንግሥታት ሕፃናትን ከማንኛውም ዓይነት ወሲባዊ ብዝበዛ እንዲጠብቁ ያስገድዳል። የጥበቃ ዕቅዶችን ስመረምር ግን ብዙ ጊዜ ጎድሎ የማገኘው ሕጉ ሳይሆን ሕጉን የሚያስፈጽመው ገንዘብ ነው።

ከሁሉ የከፋው ስህተት ገንዘቡን በግንዛቤ ማስጨበጫ ጨርሶ ለአገልግሎቱ ምንም አለማስቀረት ነው። ፖስተር ይታተማል፣ ዐውደ ጥናት ይካሄዳል፣ ነፃ የስልክ መስመር ይተዋወቃል፤ ስልኩን አንሥቶ የሚያዳምጥና ልጁን በዚያው ሌሊት ወደ አስተማማኝ ማረፊያ የሚያደርስ ባለሙያ ግን በአንዱም የወጪ መደብ ውስጥ አይገኝም። ይህን ጥፋት እኔም ፈጽሜዋለሁ። ባዘጋጀሁት ዕቅድ ለማስታወቂያው በቂ ገንዘብ ይዤ ለሌሊት ተረኞች ደመወዝ ሳልይዝ ቀረሁ። አንድ ቀን ጠዋት መዝገቡን ስናይ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ከአንድ ቁጥር ሦስት ጊዜ ተደውሏል፤ መልሰን ስንደውል ስልኩ ዝግ ነበር። ከዚያ ወዲህ ተረኛ ያልተመደበለት መስመር እንዲተዋወቅ አልፈርምም።

ሁለተኛው፣ ልጁ የደረሰበትን ለፖሊስ፣ ለሐኪም፣ ለዐቃቤ ሕግና ለፍርድ ቤት በየተራ እንዲናገር ማድረግ ነው። አይስላንድ እ.ኤ.አ. በ1998 ባቋቋመችው የሕፃናት ቤት አንድ የሠለጠነ ባለሙያ ልጁን ሲያነጋግር የሚመለከታቸው አካላት ከሌላ ክፍል ሆነው ይከታተላሉ፣ ቃሉም ይቀረጻል። እንዲህ ያለው አሠራር በብዙ ዕቅዶች ላይ በስም ሰፍሮ የሚቀረው እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት የራሱን በጀት ብቻ ስለሚይዝና የጋራውን ክፍል ወጪ የሚሸፍን ስለማይኖር ነው።

«የሕፃናት ዝሙት አዳሪነት» የሚለውን አጠራር በፖሊሲ ሰነድ ላይ አይጻፉ። የኮንቬንሽኑ ተጨማሪ ስምምነት የሆነው እ.ኤ.አ. የ2000ው አማራጭ ፕሮቶኮል ራሱ ቢጠቀምበትም፣ ተበዳዩን ልጅ ጥፋተኛ ስለሚያስመስል እ.ኤ.አ. በ2016 በሉክሰምበርግ የጸደቀው የስያሜ መመሪያ እንዲቀር መክሯል። ተበዳዮቹ ሴቶች ብቻ ስላልሆኑ በዕቅዱ ወንዶች ልጆችንም አይርሱ።

የመጨረሻው፣ ለዓመታት ለሚዘልቅ ማገገም የአንድ ዓመት ገንዘብ መያዝ ነው። የኮንቬንሽኑን አፈጻጸም የሚከታተለው የሕፃናት መብቶች ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2016 ስለ መንግሥት በጀት ባወጣው ጠቅላላ አስተያየት ቁጥር 19 ዘላቂነትን ከመርሆቹ አንዱ አድርጎታል። ልጁ የሥነ ልቦና ባለሙያውን ማመን በጀመረበት ወር ውሉ ተቋርጦ ሌላ ሰው ሲተካ፣ ልጁ እንደገና ዝም ይላል። ስለዚህ የባለሙያው ደመወዝ የመጀመሪያው ዓመት ካለቀ በኋላ ከየት እንደሚከፈል ያልተጻፈበትን ዕቅድ የቀረው ክፍል ምንም ያህል ቢያምር ለአዘጋጆቹ እመልሰዋለሁ።