ጥራጥሬ ከመዝራታችሁ በፊት ዘሩን በዚንክ ውሃ ዘፍዝፉት

የዘራችሁት ሽምብራ ወይም ማሾ አንዱ ቀድሞ አንዱ ዘግይቶ፣ ገሚሱም ጭራሽ ሳይበቅል እየቀረ ካስቸገራችሁ ይህን ሞክሩት። በ10 ሊትር ንጹህ ውሃ 5 ግራም ዚንክ ሰልፌት (ዚንክ የተባለውን ንጥረ ነገር የያዘ ማዳበሪያ) አሟሙና ዘሩን ከ6 እስከ 8 ሰዓት ለሚሆን ጊዜ ዘፍዝፉት። ከዚያ አጠንፍፋችሁ ጥላ ሥር ሳሳ አድርጋችሁ አስጡት። እጅ ላይ መጣበቁን ሲተው በዚያው ቀን ዝሩት።

ደረቅ ዘር አፈር ከገባ በኋላ መጀመሪያ የሚሠራው ውሃ መምጠጥ ነው፤ እሱ ሲመጥ ደግሞ የላይኛው አፈር እየደረቀ ይሄዳል። የተዘፈዘፈው ግን ያንን ሥራ ጨርሶ ስለሚገባ ቶሎና እኩል ይበቅላል። ዚንኩ ለኢንዛይሞችና ኦክሲን ለተባለው የእድገት ሆርሞን ያስፈልጋል፤ ቡቃያው ሥሩ ገና ሳይጠነክር ስንቁን ይዞ ይነሳል ማለት ነው። በተለይ ዚንክ ባነሰው አፈር ላይ ይጠቅማል።

መጠኑን በዓይን አትገምቱ፣ በሚዛን ለኩ! ሲበዛ ቡቃያውን ይመርዘዋል።

ቦሎቄና አኩሪ አተር ላይ ግን ተጠንቀቁ። ውሃ ውስጥ ሲቆዩ በቀላሉ ይሰነጠቃሉ፣ አየር አጥተውም ይታፈናሉ፤ መጀመሪያ ጥቂት ፍሬ ብቻ ሞክሩ። በፀረ ፈንገስ የታሸ ዘርም አይዘፈዘፍም፤ መድኃኒቱ ይታጠባል። ራይዞቢየም (ጥራጥሬ ናይትሮጅን ከአየር እንዲያገኝ የሚረዳ ባክቴሪያ) የምትቀቡ ከሆነ ከዚንኩ ውሃ ጋር አትቀላቅሉት፤ ዘሩ ከተጠነፈፈ በኋላ፣ ልክ ልትዘሩ ስትሉ ቀቡት።