ማንኪያ እምቢ ያለችው ልጄ በእጇ መብላት ጀመረች

ልጄ ዘጠነኛ ወሯን ስትይዝ ማንኪያ ሲመጣ አፏን ግጥም ማድረግ ጀመረች። አጥሚቱም ገንፎውም አገጯ ላይ ይቀራል እንጂ አይገባም። መፍትሔው ምግቡን ለራሷ እጅ መስጠት ሆነ።

መጀመሪያ ያስተካከልነው አቀማመጧን ነው፤ ጀርባዋ ቀጥ ብሎ፣ እግሯም ማረፊያ አግኝቶ። ተንጋልሎ መብላት ስለሚያንቅ እዚህ ላይ ቀልድ የለም። ከዚያ ድንች፣ ካሮትና ዱባ በጣት ርዝመት ቆርጠን በደንብ ቀቀልን። በሁለት ጣት ሲጫኑት ካልፈረሰ ገና አልበሰለም። በዚህ ዕድሜ አካባቢ ልጆች በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መልቀም ስለሚጀምሩ ቀስ በቀስ ወደ ትናንሽ ቁራጮች አለፍን። አቮካዶ ያሟልጫል፤ ትንሽ በሶ ስነሰንስበት ግን ጥሩ አድርጋ ያዘችው። ለስላሳ እንጀራ በአልጫ ሽሮ አርሼ ስሰጣት ደግሞ ደስታዋን ብታዩ!

ገንፎውንም አልተውነውም። ወፍራም ስለሆነ ማንኪያው ላይ ይጣበቃል፤ እኛ ሞልተን እናቀብላታለን፣ ወደ አፏ የምትወስደው እሷ ናት።

እናቴ «ሳትጎርስ እንዴት ትጠግባለች» ብላ ተጨንቃ ነበር። የመጀመሪያዋን ጉርሻ አያት ታጉርስ፣ የቀረውን ልጅቷ ትብላ ብለን ተስማማን።

ቆሎ፣ ያልተፈጨ ኦቾሎኒ፣ ጥሬ ካሮትና ያልተሰነጠቀ ወይን ፈጽሞ አትስጡ፤ ማርም 1 ዓመት ሳይሞላ አይሆንም። ልጁ ቢያስልና ቢያቅለሸልሸው አትደንግጡ፣ ራሱ ያወጣዋል። ድምፁ ጠፍቶ መተንፈስ ካቃተው ግን ጉሮሮው ተዘግቷልና ወዲያው እርዱት። ለዚህም ነው እየበላ ለአፍታም ብቻውን የማይተወው።

ወለሉ ላይ ላስቲክ አንጥፉ፣ ጽዳቱ በጣም ይቀላል።