የአሜሪካ የግል አብራሪ ፈቃድ የበረራ ፈተና፦ በዕለቱ ምን ይጠብቅዎታል?

አብዛኛው ተፈታኝ እንቅልፍ የሚያጣው ስቶልን (ክንፉ አውሮፕላኑን መሸከም የሚያቅተውን ሁኔታ) እያሰበ ነው። ፈተናው ሳይጀመር የሚቀረው ግን ብዙ ጊዜ በወረቀት ጉድለት ነው። ቀኑ ሳይደርስ ከአስተማሪዎ ጋር ተቀምጠው ሎግቡክዎን (የበረራ መዝገብዎን) ገጽ በገጽ ይዩት፦ ቢያንስ 40 የበረራ ሰዓት፣ ከዚህም 20 ከአስተማሪ ጋር፣ 10 ብቻዎን፤ በሌሊት የበረሩት 3 ሰዓት እና 10 ጊዜ ተነሥቶ ማረፍ፤ ብቻዎን የተጓዙት የ150 ኖቲካል ማይል በረራ። ከፈተናው በፊት ባሉት ሁለት የካሌንደር ወራት ውስጥ ለዝግጅት መብረር ያለብዎት 3 ሰዓት በተለይ ይረሳል፤ ቀጠሮው በአየር ጠባይ ሲገፋ ጊዜው ሳይታወቅ ያልፋልና። የጽሑፍ ፈተናው ውጤት የሚያገለግለው ለ24 ወር ነው። መታወቂያ፣ የጤና ምስክር ወረቀት እና የተማሪ አብራሪ ፈቃድዎን ይያዙ።

የአውሮፕላኑን የጥገና መዝገብም አስቀድመው ይቀበሉና ዓመታዊው ምርመራ፣ የ24 ወሩ የትራንስፖንደር (ለራዳር መልስ የሚሰጠው መሣሪያ) ፍተሻ እና የ12 ወሩ የአደጋ ጊዜ ምልክት አስተላላፊ ፍተሻ የሰፈሩባቸው ገጾች ላይ ምልክት ይለጥፉ። ፈታኙ ፊት መዝገብ ማገላበጥ ገና ከጅምሩ ያደክማል።

የቃል ፈተናው የሚካሄደው ፈታኙ ቀድሞ በሰጠዎት የጉዞ ዕቅድ ላይ ነው። «ሦስት ጓደኞችህን ጭነህ፣ ነዳጅ ሞልተህ እንሂድ» ሊልዎት ይችላል። ያስሉት። የሴስና 172 ኤስ ከፍተኛ የመነሻ ክብደት 2550 ፓውንድ ነው። የእርስዎ አውሮፕላን ባዶውን 1680 ቢመዝን 870 ይቀራል። ጥቅም ላይ የሚውለው 53 ጋሎን ነዳጅ 318 ፓውንድ ስለሚሆን ለሰውና ለሻንጣ 552 ብቻ ይተርፋል። እያንዳንዱ 180 ፓውንድ የሚመዝን ሦስት ሰው 540 ነው፤ አራተኛው አይገባም። ትክክለኛው መልስ «አይሆንም፣ ወይ ነዳጅ ይቀነስ ወይ ሰው ይቅር» ነው። ነዳጅ ሲቀንሱ ግን በቀን በረራ መድረሻዎ ከደረሱ በኋላ ለ30 ደቂቃ የሚበቃ መትረፍ እንዳለበት አይርሱ። የማያውቁትን አይገምቱ፤ መጽሐፉን ገልጦ ማሳየት ነውር የለውም። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩበት በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ የሚፈተን ሰው ስለ አካባቢው ልዩ የአየር ክልል እና ስለሚጠየቀው ሥልጠና መዘጋጀት አለበት። ሕጉ እንግሊዝኛ ማንበብ፣ መናገር፣ መጻፍና መረዳትን ይጠይቃል። ቢሆንም ያልሰሙትን የሬዲዮ መልእክት «ሴይ አጌን» ብሎ ማስደገም፣ ሳይሰሙ እንደሰሙ ሆኖ ከመገመት እጅግ ይሻላል።

ከተነሱ በኋላ ያቀዱትን መስመር ትንሽ ይይዛሉ፤ ከዚያ ፈታኙ መድረሻ ያስቀይርዎታል። መጀመሪያ አፍንጫውን ወደ አዲሱ አቅጣጫ ያዙሩ፣ ርቀቱን፣ ደቂቃውንና ነዳጁን ኋላ ያስሉ።

ቀጥሎ ዘገምተኛ በረራ፣ ስቶል እና ባለ 45 ዲግሪ ዙር ይመጣሉ። ከእያንዳንዱ በፊት ዙሪያውን ሳይቃኙ መጀመር ብቻውን ሊጥል ይችላል። በዙሩ ላይ የሚፈቀደው ስህተት ከፍታ 100 ጫማ፣ ፍጥነት 10 ኖት (ኖቲካል ማይል በሰዓት)፣ የማዘንበል ማዕዘን 5 ዲግሪ ነው። አድማስ ላይ ምልክት ይያዙ። ከ30 ዲግሪ ሲያልፉ መሪውን ጥቂት ወደ ራስዎ ይሳቡ፣ የሞተር ኃይልም ትንሽ ይጨምሩ። ወደ መነሻዎ አቅጣጫ 20 ዲግሪ ያህል ሲቀርዎት ክንፎቹን ማስተካከል ይጀምሩ፤ የሳቡትንም እኩል እየለቀቁ። ብዙ ሰው ዙሩን አሳምሮ ጨርሶ የሚሳሳተው እዚህ ነው፦ እጁ እንደሳበ ስለሚቀር አውሮፕላኑ ከ100 ጫማ በላይ ይዘላል። 80 ጫማ ከፍ ካሉ ድምፅዎን አውጥተው ይናገሩና ወዲያው ይመልሱት። ፈታኙ እንከን የለሽ እጅ አይፈልግም፤ የሚጥለው ከገደቡ ደጋግሞ ወጥቶ የማያርመውን ነው።

ሳያስቡት የሞተሩን ኃይል ዝቅ ያደርግና «ሞተር ጠፋ» ይልዎታል። በ172 ኤስ ቅድሚያ የሚሰጠው ያለ ሞተር ሩቅ ለሚያንሸራትተው ፍጥነት፣ ለ68 ኖት ነው፤ ከዚያ ሜዳ መምረጥ፣ ከዚያ ቼክሊስት። ቼክሊስቱን ያስቀደመ ፍጥነቱም ሜዳውም ያመልጡታል።

ለመደበኛ ማረፊያ ከተመረጠው ነጥብ አንስቶ 400 ጫማ፣ ለአጭር ማኮብኮቢያ 200 ጫማ ተፈቅዶልዎታል። ከነጥቡ በፊት መሬት መንካት አይፈቀድም። አቀራረቡ ካላማረ ሙሉ ኃይል ይስጡ፣ ፍላፑን (ከክንፉ ኋላ የሚዘረጋውን ክፍል) በደረጃ ይሰብስቡ፣ ዞረው ይምጡ።

ካለፉ ለ120 ቀን የሚያገለግል ጊዜያዊ ፈቃድ እዚያው ይዘው ይወጣሉ። ከወደቁ ከአስተማሪዎ ጋር ተለማምደውና ፊርማውን ይዘው በ60 ቀን ውስጥ ይመለሱ፤ ያለፉት ክፍል በአብዛኛው ይያዝልዎታል። ከቃል ፈተናው በኋላ ነፋሱ ከበረታ «ዛሬ አልበርም» ማለት መብትዎ ነው። ይህ መውደቅ አይደለም፤ ፈታኙ የማቋረጫ ደብዳቤ ይጽፍልዎታል። የ60 ቀኑ ቆጠራ ለዚህም ይሠራልና ደብዳቤውን ሎግቡክዎ ውስጥ ያስቀምጡት፣ በቀጣዩ ቀጠሮም ይዘውት ይምጡ።