ከባድ ሌንስ የተገጠመለትን ካሜራ አስደግፎ ጥርት ያለ ፎቶግራፍ ማንሳት

በባሌ ተራሮች፣ በሳነቴ አምባ ላይ ቀይ ቀበሮን ከርቀት ለማንሳት 400 ወይም 600 ሚሊ ሜትር ሌንስ ያስፈልጋል። እንዲህ ያለው ሌንስ ግን እንስሳውን ብቻ ሳይሆን የእጅን መንቀጥቀጥም አብሮ ያጎላል። በተለምዶ በ600 ሚሊ ሜትር ሌንስ በእጅ ለማንሳት የሹተሩ (ብርሃን ለማስገባት የሚከፈተውና የሚዘጋው የካሜራው ክፍል) ፍጥነት ቢያንስ 1/600 ሰከንድ እንዲሆን ይመከራል፤ ማለዳ ብርሃኑ ሳይጠነክር ይህን ፍጥነት ማግኘት ስለሚያስቸግር ድጋፍ የግድ ይሆናል።

ሁለት ኪሎ ግራም ያህል የሚመዝን ሌንስ የያዘን ካሜራ፣ በካሜራው ሥር ባለው ቀዳዳ ብቻ ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር መቆሚያ) ላይ ማሰር ስሕተት ነው፤ ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚያዘነብል የሌንሱን መግጠሚያ ያስጨንቃል፣ ጥቂት ንክኪም ያወዛውዘዋል። ትልልቅ ሌንሶች ወገባቸው ላይ ቀለበትና እግር የተሠራላቸው ለዚሁ ነው። እግሩን በትራይፖዱ ራስ ላይ ካስቀመጡ በኋላ፣ ሌንሱን በእጅዎ ደግፈው ወደ ፊትና ወደ ኋላ እያንሸራተቱ የማያጋድልበትን ቦታ ይፈልጉ፤ ከዚያም በደንብ ያጥብቁት። ጥቂት ደቂቃ ቢወስድም ይህን ሥራ ቸል ማለት አይገባም።

የትራይፖዱን መካከለኛ ዘንግ ከፍ አያድርጉ። ለክብደት ቦርሳ ካንጠለጠሉበትም ነፋስ እንዳያወዛውዘው መሬት እንዲነካ ያድርጉ።

በእኔ አስተያየት ግን ለሳነቴ ከሁሉ የሚሻለው ሩዝ ወይም ባቄላ የተሞላ የጨርቅ ከረጢት ነው። ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚወስደው መንገድ አምባውን ስለሚያቋርጥ፣ እንስሳውን ሳይረብሹ ከመኪና ውስጥ ሆኖ ማንሳት ይቻላል። ከረጢቱ ሌንሱን አቅፎ እንዲይዝ ጢም ብሎ አይሞላ። የመኪናውን መስተዋት ዝቅ አድርገው ከረጢቱን በሩ ላይ ያስቀምጡ፣ ሌንሱን ያሳርፉበት፣ ግራ እጅዎንም ከላይ ጫን ያድርጉበት። ሞተሩ መጥፋት አለበት፤ አብረው የተቀመጡትም ለጥቂት ጊዜ እንዳይንቀሳቀሱ በትሕትና ይጠይቋቸው። የካሜራውን ማንሻ ቁልፍ ሳይነጥቁ ቀስ ብለው ተጭነው ሦስት አራት ፎቶ በተከታታይ ያንሱ፤ የመጀመሪያው በጣት ግፊት ቢንቀጠቀጥ እንኳ ቀጣዮቹ ብዙውን ጊዜ ይጠራሉ።

አንዳንድ የቆዩ ሌንሶች ጸንቶ በቆመ ትራይፖድ ላይ ሲሆኑ መንቀጥቀጥ መከላከያቸው ራሱ ምስሉን ሊያደበዝዝ ስለሚችል፣ አጥፍተውም አብርተውም እያነሱ ያወዳድሩ።

ፀሐይ ከፍ ስትል ከመሬት የሚነሣው ሙቀት አየሩን ያርገበግበዋል፤ ያን ጊዜ ድጋፉ ምንም ያህል ቢጸና የሩቁ ምስል ስለማይጠራ፣ አየሩ እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ ይሻላል።