ዲፍረንሻል ሲጮህ፦ ኮሮናና ፒኞን ከመግዛታችሁ በፊት

መኪናችሁ ሲሄድ ይጮኻል እንበል። ጎማ አቀያይራችሁ፣ ነፋስ አስተካክላችሁ ጩኸቱ ያው ከሆነ ወደ ዲፍረንሻሉ፣ የካርዳኑን (ከማርሽ ሳጥኑ የሚመጣውን ዘንግ) ዙር ወደ ጎማዎቹ ወደሚያስተላልፈው ሳጥን፣ እንለፍ። ውስጡ ካርዳኑ የሚያዞረው ትንሹ ባለ ጥርስ ፒኞን፣ ፒኞኑ የሚያዞረው ትልቁ ባለ ጥርስ ቀለበት ደግሞ ኮሮና ይባላል። ራቭ ፎርም ይሁን ቪታራ ወይም ፕራዶ፣ ከመፍታት በፊት ማዳመጥ ይቀድማል። ከአዳማ ወደ አሰላ የሚወስደው ዳገት ለዚህ ይመቻል፤ ስትወጡ ሞተሩ ጎማውን ይነዳል፣ ስትመለሱ ጎማው ሞተሩን ይነዳል። ሬዲዮውን አጥፉ፣ ልጆቹንም ቤት ተዉአቸው።

ነዳጅ ስትሰጡት እየጮኸ እግር ስታነሱ ዝም የሚል ከሆነ፣ የኮሮናና የፒኞኑ ጥርስ ተበልቷል ወይም አገጣጠሙ ተዛብቷል። እግር ስታነሱ የሚብስበት ከሆነ ፒኞኑ ላልቷል ብላችሁ ጠርጥሩ፤ ካርዳኑን ዲፍረንሻሉ አጠገብ ይዛችሁ ወደ ላይና ወደ ታች ነቅንቁት። ነዳጅ ሰጣችሁም አልሰጣችሁም ከፍጥነቱ ጋር የሚጨምር ቀጭን ድምፅ የፒኞን ኩሽኔታ (ቤሪንግ) ነው። ጎማው አንዴ ሲዞር ፒኞኑ አራት ጊዜ ገደማ ስለሚዞር ድምፁ ይቀጥናል። ወፍራም ጉርምርምታ ከኮሮናው የጎን ኩሽኔታ ወይም ከጎማ ኩሽኔታ ይመጣል፤ መሪውን ግራና ቀኝ ስታደርጉ የሚለዋወጠው የጎማው ነው። መታጠፊያ ላይ ብቻ ከተሰማ ሳተላይቶቹን፣ ስትታጠፉ ግራና ቀኝ ጎማው በተለያየ ፍጥነት እንዲዞር የሚያደርጉትን ትንንሽ ጥርሶች፣ እዩ። ማርሽ ሲገባ «ጓ» የሚለው አብዛኛውን ጊዜ ክሮቸራ፣ የካርዳኑ መጋጠሚያ፣ ነው።

እኔ ጋ የሚመጣው ግን በብዛት አንድ ነው፦ ዘይቱ አልቆ የሚጮህ። ዘይቱን የጨረሰው ደግሞ የተደፈነ መተንፈሻ ነው።

ዲፍረንሻል ሲሠራ ይሞቃል፣ ውስጡ ያለው አየርም ይለጠጣል። አየሩ የሚወጣው ከላይ ባለች ትንሽ ቆብ ወይም ቱቦ ነው። የአዳማ አቧራ በበጋ፣ ጎርፍ ያመጣው ጭቃ በክረምት ይደፍናታል። መውጫ ያጣው ግፊት ዘይቱን በፒኞኑ ፓራኦሊዮ (ዘይት እንዳይፈስ በሚይዘው የጎማ ቀለበት) በኩል ይገፋዋል። ባለቤቱ «ኧረ አንድ ጠብታ መሬት ላይ አይቼ አላውቅም!» ብሎ ይምላል። እውነቱን ነው፤ ካርዳኑ እየዞረ ስለሚረጨው መሬት አይደርስም። ሥሩ ገብታችሁ ከፒኞኑ በላይ ያለውን የመኪናውን ወለል ዳብሱ፤ አቧራ የጠጣ ጥቁር ዘይት በእጃችሁ ይመጣል።

አንድ ደንበኛ ፓራኦሊዮ እየደጋገመ አስቀይሮ፣ በየጋራዡ «ዕቃው ፎርጅድ ነው» ተብሎ ነበር የመጣው። የመሙያውን ብሎን ገና ስናላላው «ፉሽሽ» አለና ዘይቱ ፊታችን ላይ ተረጨ። የመኪናውን ሥር አንቲረስት (ዝገት መከላከያ) ሲያስቀባ መተንፈሻዋም አብራ ተቀብታ ነበር! ሌላው ከረጅም መንገድ እንደገባ ጎርፍ ውስጥ ነዳው። የጋለው ዲፍረንሻል ድንገት ሲቀዘቅዝ ውኃ ይስባል፤ ስንፈታው የወጣው ማኪያቶ የመሰለ ነገር ነው። ለዓመት በዓል ቆሞ ስለከረመ ኩሽኔታዎቹ ዝገዋል።

ስለዚህ መጀመሪያ መተንፈሻውን አውጥታችሁ በናፍጣ እጠቡ። ቆቧ በጣት ስትነካ መንቀሳቀስ አለባት፤ ከደረቀች ቀይሯት።

ከዚያ ፓራኦሊዮው። መኪናውን በክሪክ ብቻ አታቁሙ፤ ባለ አራት ጎማ ነጂ ከሆነ ደግሞ አንዱን ጎማ ብቻ አንስታችሁ ማርሽ አታስገቡ፣ ዘሎ ይወርዳል። ካርዳኑ ከፍላንጁ (ፒኞኑ ጫፍ ላይ ካለው ማያያዣ) ጋር የሚገጥምበት ላይ ምልክት አድርጉ። የፒኞኑ ዳዶ ከመፈታቱ በፊትም ዳዶውና ፒኞኑ ላይ ምልክት ምቱ፣ ፒኞኑን ለማዞር የሚጠይቀውን ኃይል በስፕሪንግ ሚዛን ለኩ። ፍላንጁን ስታወጡ ፓራኦሊዮው የሚያርፍበትን ቦታ በጥፍር ፈትሹ። ጥፍር ከያዘ ፍላንጁም ይቀየራል፤ አለዚያ አዲሱም ያፈሳል። የአዲሱን ፓራኦሊዮ ከንፈር ዘይት ቀብታችሁ ግጠሙና ዳዶውን በእጅ መፍቻ ወደ ምልክቱ መልሱ፣ ፒኞኑን የሚያዞረውን ኃይል እንደገና ለኩ።

በአየር መፍቻ አትሰሩት! ደግሜ እላለሁ፣ በአየር መፍቻ አትሰሩት። ከዳዶው በስተኋላ የሚጨመቅ ቡሽ (የብረት ቱቦ) አለ። ከልክ በላይ ከተጨመቀ ዳዶውን ማላላት አይመልሰውም፤ አዲስ ቡሽ ይገባል። እንደ ጎማ ብሎን አጥብቀው የላኩት ዲፍረንሻል በሳምንቱ እየጮኸ ሲመጣ ኩሽኔታው ሰማያዊ ሆኗል።

ዘይት ከማውረዳችሁ በፊት የመሙያው ብሎን መፈታቱን አረጋግጡ፤ አውርዳችሁ መሙያው እምቢ ካለ መኪናው እዚያው ቀረ። የምትሞሉት በአብዛኛው 90 ቁጥር የማርሽ ዘይት ነው፤ ጂኤል-5 (ጣሳው ላይ የሚጻፍ የጥራት ደረጃ) መሆን አለበት፣ ሜዳ ላይ ቆሞ ከመሙያው አፍ እስኪፈስ። የኮሮናና የፒኞን ጥርስ እየተንሸራተተ ስለሚነካካ 40 ቁጥር የሞተር ዘይት አይችለውም። ሊሚትድ ስሊፕ (አንዱ ጎማ ብቻውን እንዳይሽከረከር የሚገታ ዲፍረንሻል) ከሆነ የራሱ ዘይት አለው። ክዳኑ የተነካካ ጣሳ አትግዙ። የብሎኑ ማግኔት ላይ ያለ ጥቁር ልቁጥ አያስደነግጥም፤ ስንጥር ብረት ካያችሁ ግን ይፈታ።

ድምፅ ለማፈን ግሪስ ሞልተው የሚሸጡም አሉ። እንዲህ ያለውን ከፍቼ አይቻለሁ፤ የጎን ኩሽኔታው ተሰባብሮ ግሪሱ ውስጥ ተቀብሯል። መኪና ስትገዙ የመሙያውን ብሎን አስፈትታችሁ ጣት አስገቡ።

ጥርሱ በእርግጥ ካለቀ ኮሮናና ፒኞን ጥንድ ሆነው ነው የሚገዙት፤ ከአንዱ መኪና ኮሮና፣ ከሌላው ፒኞን አይሆንም። በብዙ ቶዮታዎች በጥርሶቹ መካከል ያለው ክፍተት ከ0.13 እስከ 0.18 ሚሊሜትር ነው። መለኪያ የሌለው ሰው «በእጄ አውቀዋለሁ» ካላችሁ መኪናችሁን ይዛችሁ ውጡ። ከተገጠመ በኋላ መጀመሪያ አጭር አጭር እየነዳችሁ አቀዝቅዙት፣ ከባድ ጭነት አታስጎትቱት፣ 800 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይም ዘይቱን ቀይሩ።