በሙዚቃ ቲዎሪና ኮግኒሽን ፒኤችዲ ለመማር ላሰባችሁ፦ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከሙዚቃ ትምህርት ቤት የወጡ፣ ወይም ሳይኮሎጂ ተምረው ልባቸው ሙዚቃ ላይ የቀረ ወጣቶች በየጊዜው ይደውሉልኛል። የሚሉኝ ተመሳሳይ ነው፤ «ሰው ሙዚቃን እንዴት እንደሚሰማና እንደሚረዳ ማጥናት እፈልጋለሁ፤ ከየት ልጀምር?» በዚህ መንገድ ያለፍኩ ስለሆንኩ፣ ደጋግሜ ያየኋቸውንና አንዳንዶቹንም ራሴ የሠራኋቸውን ስህተቶች ልንገራችሁ።

ጥያቄ ሳይዙ ማመልከት

ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው። ማመልከቻው ላይ «የኢትዮጵያ ሙዚቃ በአእምሮ ላይ ያለውን ተጽዕኖ ማጥናት እፈልጋለሁ» ተብሎ ይጻፋል። ይህ ምኞት እንጂ ጥያቄ አይደለም። ጥያቄ የሚባለው ሰው አስቀምጣችሁ፣ ድምፅ አሰምታችሁ፣ መልሱን መዝግባችሁ የምትፈትሹት ነገር ነው።

ከቅኝቶቻችን አንዱ የሆነውን አንቺ ሆዬን ውሰዱ። ከሲ ብንነሳ አምስቱ ድምፆች ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ ፍላት እና ኤ ናቸው። ከሲ እስከ ጂ ፍላት ያለው ርቀት ትራይቶን ይባላል፤ የምዕራቡ ቲዎሪ ያልረጋ ነው፣ ወደ ሌላ ድምፅ ማረፍ አለበት እያለ የሚያስተምረው እሱን ነው። ካሮል ክሩምሃንስልና ኤድዋርድ ኬስለር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1982 ባወጡት ጥናት ለአድማጭ አጭር ሙዚቃ አሰምተው አንድ ድምፅ ያስከትሉ ነበር፤ አድማጩም ድምፁ ምን ያህል እንደሚገጥም ከ1 እስከ 7 ነጥብ ይሰጣል። ይህን ዘዴ ይዛችሁ «አንቺ ሆዬን እየሰማ ያደገ ጆሮ ጂ ፍላትን እንደ ቤተኛ ይቀበለዋል? ቅኝቱን ሰምቶ የማያውቅ ሰውስ?» ብላችሁ ብትጠይቁ፣ ፕሮፌሰሩ ማመልከቻችሁን ሁለተኛ ጊዜ ያነበዋል።

ፒያኖን መለኪያ ማድረግ

ይህን የሠራሁት እኔ ነኝ። በመጀመሪያው ዓመት አንቺ ሆዬን በኮምፒውተር፣ በፒያኖ ድምፅ አዘጋጀሁና ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖሩ አንድ አዛውንት ክራር ተጫዋች ቤት ሄድኩ። ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ጥቂት ሰሙና አወለቁት።

«ልጄ፣ ይሄ እኮ አልተቃኘም» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ኮምፒውተር ነው የቃኘው፤ ስህተት የለውም።»

መልስ አልሰጡኝም። ክራራቸውን አንስተው ክሮቹን አንድ በአንድ እያጠበቁና እያላሉ ቃኙ፤ ከዚያ ሁለተኛዋን ድምፅ ደጋግመው መቱልኝ። ከፒያኖው በጥቂቱ ዝቅ ትላለች። አንዴ ከሰማኋት በኋላ የፒያኖው ጆሮዬን ይኮሰኩሰኝ ጀመር።

ፒያኖ ኦክታቭን፣ ማለትም ከአንድ ድምፅ ተነስቶ ያው ድምፅ በላይ እስኪደገም ያለውን ርቀት፣ 12 እኩል ቦታ ከፍሎ የሚቃኝ መሣሪያ ነው። ክራር የሚቃኝ ሰው ግን የሚከተለው ጆሮውን ነው፤ ሁለት ባለሙያዎች አንድ ቅኝት ቢቃኙ እንኳ ድምፆቻቸው በትክክል ላይገጣጠሙ ይችላሉ። በገናማ ሲሆን ክሮቹ ሥር የሚገቡት ቆዳዎች፣ እንዚራዎቹ፣ የሚሰጡት ንዝረት ራሱ የድምፁ አካል ነው፤ ያንን ፒያኖ ከየት ያመጣዋል? የሦስት ወር ሥራዬን ጥዬ፣ ከእሳቸው ክራር በቀረጽኩት ድምፅ እንደገና ጀመርኩ። እናንተ መጀመሪያ ከተጫዋቹ ጋር ቁጭ በሉ፣ ቅረጹ፣ ለኩ። ሙከራው ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

የአንድ አገር አድማጭን ለዓለም ሁሉ ወኪል ማድረግ

እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ የኤሪን ሃነንና የሳንድራ ትሬሃብ ጥናት ሰሜን አሜሪካውያን አዋቂዎች በባልካን (ደቡብ ምሥራቅ አውሮፓ) ሙዚቃ ውስብስብ ምቶች ውስጥ የገባን መዛነፍ መለየት ሲያቅታቸው፣ የቡልጋሪያና የመቄዶንያ ተወላጆች እንደሚለዩት አሳይቷል። የስድስት ወር የሰሜን አሜሪካ ሕፃናትም ይለዩታል! ጆሮ በአስተዳደግ እንደሚቀረጽ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር አላውቅም። ስለዚህ «አድማጮች» ብላችሁ ስትጽፉ የት ያደጉ፣ ምን እየሰሙ የኖሩ እንደሆኑ አብራችሁ ጻፉ። አዲስ አበባ ያደገ ኢትዮጵያዊና ዋሽንግተን ተወልዶ ያደገ ኢትዮጵያዊ አንድ ዓይነት አድማጭ አይደሉም።

«ማንም አልነካውም» ማለት

አሸናፊ ከበደ ስለ ኢትዮጵያ ሙዚቃ የዶክትሬት ጽሑፉን አሜሪካ ለሚገኘው ዌስልያን ዩኒቨርሲቲ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው። ኬይ ሸለመይና ፒተር ጄፈሪ የቤተ ክርስቲያናችንን ዜማ ከነምልክቱ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አሳትመዋል። ይህን ሳያነቡ ሦስቱን የዜማ ስልቶች፣ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይን፣ «ለመጀመሪያ ጊዜ አጠናለሁ» ብሎ መጻፍ ያሳፍራል፤ የቀደሙትንም መበደል ነው። ያልተነካው የአድማጩ ወገን ሊሆን ይችላልና እሱን ፈልጉ።

የትምህርት ቤት ስም ማሳደድ

ዘርፉ ጠባብ ነው። ቺካጎ አጠገብ ያለው ኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ «ሙዚቃ ቲዎሪና ኮግኒሽን» በሚለው ስም ፒኤችዲ ይሰጣል፤ ሞንትሪያል የሚገኘው ማክጊልና የፕሪንስተን የሙዚቃ ኮግኒሽን ላብራቶሪም የታወቁ ናቸው። ነገር ግን የሚያስተምራችሁ ሕንፃው ሳይሆን ሰው ነው። የፕሮፌሰሩን ሁለት ወይም ሦስት ጥናቶች አንብባችሁ አጭር ኢሜይል ጻፉ፤ አዲስ ተማሪ ይቀበል እንደሆነ፣ በቅርቡ ጡረታ ይወጣ እንደሆነም ጠይቁ። ሌላው የሚምታታው ዲኤምኤ (ዶክተር ኦፍ ሙዚካል አርትስ) ነው፤ እሱ በዋናነት ለተጫዋቾችና ለአቀናባሪዎች የሚሰጥ ዶክትሬት ነው።

አንዱን ጎን ችላ ማለት

ከሙዚቃ የመጣው ስታቲስቲክስ ይሸሻል፣ ከሳይኮሎጂ የመጣው ሃርመኒ። ሁለቱም ይጠየቃሉ። ኖታ አንብቦ መዘመርን በዝግታ ነው የሚለምዱት፤ መረጃ የሚተነተንባቸውን የኮምፒውተር ቋንቋዎች፣ አርን (R) ወይም ፓይተንንም (Python) እንዲሁ። ከመሄዳችሁ አንድ ዓመት በፊት የጎደላችሁን ጀምሩ።

ፈቃድ ሳይዙ መረጃ መሰብሰብ

በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ሰው የሚሳተፍበት ሙከራ አስቀድሞ በሥነ ምግባር ቦርድ መታየት አለበት። ለእረፍት አገር ቤት ሄዳችሁ ዘመድ አዝማዱን ብትፈትኑ፣ ያለ ፈቃድ የሰበሰባችሁት መልስ ለመመረቂያ ጽሑፋችሁ አይሆንም። የስምምነት ቅጹን በአማርኛም አዘጋጁ፤ አንድ መሪጌታ ያልገባቸውን ወረቀት እንዲፈርሙ ማድረግ ነውር ነው።

ገንዘቡን ሳይጠይቁ እሺ ማለት

የብዙዎቹ ማመልከቻ የሚዘጋው በዲሴምበር አካባቢ ነው፤ የገንዘብ ድጋፍ ያለበትን ቅበላ ለመመለስ የተለመደው ቀን ኤፕሪል 15 ነው። ጥሩ ፕሮግራም የትምህርት ክፍያውን ይሸፍናል፣ የወር መተዳደሪያም ይሰጣል። ደብዳቤው ላይ ድጋፉ ስንት ዓመት እንደሚዘልቅ፣ ትምህርት የሚዘጋባቸውን የሰመር ወራት ይጨምር እንደሆነ፣ የጤና መድን ይኖረው እንደሆነ በጽሑፍ ካልሰፈረ፣ ሳታፍሩ ኢሜይል ጽፋችሁ ጠይቁ።